አራት አጥንት

በልቦለዴ ውስጥ የፈጠርኳቸው እረኞች የዕድል ጨዋታ ያስፈልጋቸው ነበር። ግን ዳይስ ከየት ያመጣሉ? ያላቸው በግ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት እየጣሉ ይጫወቱ ነበር።

አጥንቱ በአራት ጎኑ ያርፋል፤ ዕድሉ ግን እኩል አይደለም። ሁለቱ ሰፋፊ ጎኖች እያንዳንዳቸው ከ10 ውርወራ 4 ጊዜ ያህል ይወጣሉ፣ ጠባቦቹ ደግሞ 1 ጊዜ ያህል። ሮማውያን አራት አጥንት ጥለው አራቱም የተለያየ ጎን ሲያሳዩ «ቬነስ» ይሉታል፤ ትልቁ ውጤት እሱ ነው።

ኮድ ጻፍኩና አሰላሁት። አራቱም አንድ ዓይነት የሚሆኑት ከ100 ውርወራ በ5ቱ ገደማ ነው። አራቱም የሚለያዩት ግን 4 እንኳ አይሞላም። በዚህ ጨዋታ ከመለያየት መመሳሰል ይቀላል ማለት ነው።

እኛም ቤት አራት ነን። በፖለቲካ ከተኳረፍን ወዲህ ለበዓል እንኳን አንድ ማዕድ አልቀረብንም።

ለእረኞቼ የሮማውያኑን ሕግ ወሰድኩላቸውና አንድ ጨመርኩበት፦ አራቱ ተለያይተው ከወጡ ጣዩ ብቻውን አይበላም፣ ለሁሉም ያካፍላል።

ለታናሽ እህቴ በስልክ ስነግራት «ይሄማ ቁማር አይደለም» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና፣

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለአራት» አልኳት።