አንድ ሚዛን

እምነትን የሚፈታተን ማስረጃ ሲገጥመን ብዙዎቻችን ከሁለት መንገዶች አንዱን እንመርጣለን፤ ወይ ማስረጃውን እንክዳለን፣ ወይም እምነቱን እንተዋለን። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ክርክር አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዓመት ይቆጠራል፤ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመርበት ድምሩ ዛሬ ከ7,500 ጥቂት ከፍ ይላል። አጽዋማትንና በዓላትን የምናወጣው ከዚህ ድምር ተነሥተን ነው። በሌላ በኩል ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳስቆጠረች ሳይንስ ይነግረናል። ሁለቱም የእኛው ናቸው፤ በአንዱ እንጾማለን፣ በሌላዋ «የሰው ዘር መገኛ» እያልን እንኮራለን።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት በአል-ማንሺያ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ካርቱም ተወልዶ ያደገ አንድ የጎረቤት ልጅ ይህንኑ ጥያቄ አነሣ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። «የቱን ልተው?» ሲል አባቱን ጠየቀው። አባትየው «ይህ የፈረንጅ ተረት ነው!» ብሎ ተቆጣ። ልጁም ዝም አለ፤ ዝምታው ግን የመስማማት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት እናቱ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ብቻዋን ትሄድ ጀመር። በስደት አገር ቤተ ክርስቲያን ለልጆቻችን የጸሎት ቤት ብቻ አይደለችም፤ ቋንቋቸውንና ወገናቸውን የሚያገኙባት ናት። ልጁ ከእርሷ ሲርቅ የሚያጣው ብዙ ነው።

ይኸው አባት ግን ስለ አባ ገሪማ ወንጌል በደስታ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። በአድዋ አቅራቢያ ባለው ገዳም የሚገኙትን እነዚህን ጥንታውያን ብራናዎች ብዙ ምሁራን በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ የተጻፉ አድርገው ይገምቷቸው ነበር። ቅንጣት ብራና በኦክስፎርድ በካርቦን 14 ሲመረመር ግን ዘመናቸው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ። ገዳሙ ከጥንት ጀምሮ ሲናገረው ለኖረው ትውፊት እጅግ የቀረበ ውጤት ነው።

የምርመራው መሠረት ምንድን ነው? በሞተ አካል ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረውን የለካ ዘመኑን ያውቃል። ይህ ዘዴ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ ስለማይደርስ ለድንቅነሽ አያገለግልም። ለእርሷ የተለካው አጽሟ በተገኘበት አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣልና። ሰዓቶቹ ሁለት ቢሆኑም የሚሠሩበት ሕግ አንድ ነው፤ እርሱም የአቶሞች በታወቀ ፍጥነት መለወጥ። እንግዲህ ብራናችንን ሲያከብርልን «እሰይ» ያልነውን ሕግ፣ አጥንትና አመድ ሲለካ «ተረት» ልንለው እንዴት ይቻለናል? ለመግዣ አንድ፣ ለመሸጫ ሌላ ሚዛን የሚይዝ ነጋዴ በመጽሐፍም በገበያም የተወገዘ ነው።

የጥንት አባቶች ይህን አደጋ ያውቁት ነበር። ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ ስለ ኦሪት ዘፍጥረት በጻፈው ትርጓሜ ስድስቱን ቀናት እንደ እኛ ቀናት አልቆጠራቸውም። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር የተሳሳተ ነገር በመጽሐፍ ስም ቢናገር፣ የማያምነው ሰው ስለ ትንሣኤ የሚነግረውንም እንደማይቀበለው አስጠንቅቋል። በእኛም ዘንድ የአንድምታ ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ወገን ሲተረጉሙ መጽሐፉ ጠበበ ብሎ የከሰሳቸው የለም።

5,500 የሚለው ቁጥርም ቢሆን ከድንጋይ የተለካ አይደለም። በትውፊታችን ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ቀን ሺህ ዓመት ሆኖ ተቆጥሯል። ስለዚህ የመሬትን ዕድሜ በእርሱ ልንለካ አንችልም፤ ይህን በግልጥ መናገር ይገባናል። የሰው ልጅ አዳኙን ሲጠብቅ የኖረበት ተስፋ መቁጠሪያነቱ ግን በድንቅነሽ አጥንት አይሻርም።

ለዚያ ልጅ ይህን ያስረዳሁት ከማንሺያ ድልድይ አጠገብ፣ በወንዙ ዳር ነው። ወሩ ነሐሴ ስለነበር ዓባይ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። ውሃውን ያደፈረሰው አፈር ከአገራችን ደጋ ታጥቦ የመጣ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ መሆኑን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ ዘገነና «ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ቤተ ክርስቲያን ብናገር ያባርሩኛል?» አለኝ። የጨነቀው የድንጋዩ ዕድሜ ሳይሆን የእኛ ፊት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የጠየቀ ልጅ ምርጫ ውስጥ እንዳይገባ «ና፣ አብረን እንመርምረው» የሚል ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያን ለማለት ሊቅ መሆን አያሻም፤ እውነትን ሁሉ የፈጠረው አንዱ አምላክ ነው ብሎ ማመን ይበቃል።