ድመት ብትመነኩስም ሥጋዋን አትተውም

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ የተነገረው ለሰው ነው፤ ጠባዩን በልብስ ለሸፈነ ሰው። ሆኖም በቤትዎ ድመት ካለ፣ አንባቢዬ፣ ይህን አባባል እስቲ ለአንድ አፍታ ስለ ድመቷ ስለ ራሷ እንደተነገረ አድርገው ያስቡት። አባቶቻችን ዓመል ያሉት ነገር፣ የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፣ ከዓመልም አልፎ የተፈጥሮ ግዴታ ነው። ድመት ሥጋ የምትሻው ቀብጣ ሳይሆን ያለ ሥጋ ጤነኛ ሆና መኖር ስለማትችል ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤቴ የገጠመኝ ነገር ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ወደ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ ግራጫ ድመታቸውን ለእኛ ትተውልን ሄዱ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ እንደ አገሩ ልማድም ውሮ አለቻት። ውሮ አይጥ በመያዝ በኩል አትታማም። በምግብ በኩል ግን ከከብት ሳንባ በቀር ሌላ አታውቅም ነበር። ሌላ ነገር ሲቀርብላት አሽትታ፣ ሊቀበር እንደሚገባ ነገር በፊት እግሯ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጋ፣ ጅራቷን አቁማ ትሄዳለች።

ሳንባ እስከተገኘ ድረስ ነገሩ ችግር መስሎ አልታየም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን መላ ጠፋ። እንደሚታወቀው በእነዚያ 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በእኛም ጓዳ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን በቀር የፍስክ ነገር አይገባም። እናቴ ለውሮ እንጀራ በሽሮ አቀረቡላት። አሸተተችና ተወችው። በማግሥቱም እንዲሁ። እናቴ «ተያት፤ ሲርባት ትበላለች። ደግሞስ ድመት ከጠገበች አይጡን ማን ይይዘዋል?» አሉ። ልጄ በበኩሏ የራሷን ራት ሳትነካ ከድመቷ አጠገብ ቁጭ ብላ አመሸች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ውሮን በቅርጫት ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ አፏን ከፍተው ጥርሷንና ድዷን ተመለከቱ፤ ሙቀቷን ለኩ፤ ሆዷንም ዳሰሱ። በጤንነቷ ላይ እንከን አላገኙም። ቢሆንም ፊታቸው አልፈታም ነበር። ለምን ቢሉ፣ ውሻ ለጥቂት ቀን ሳይበላ ቢቆይ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ድመት ግን ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ሳትቀምስ ከቆየች፣ በተለይም ወፍራም ከሆነች፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ጉበቷም ሥራውን ያቆማል፤ ቶሎ ካልታከመች ትሞታለች። እንግዲያውስ «ሲርባት ትበላለች» የሚለው ምክር ለድመት አይሆንም። ድመትዎ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ይከታተሏት፤ ሁለተኛው ቀን ከተደገመ ሐኪም ያሳዩአት። ሁልጊዜ ስትበላ የኖረች ድመት በድንገት መራጭ ከሆነች ደግሞ ጥርሷን፣ አፏን ወይም አፍንጫዋን አሟት ሊሆን ይችላልና ዓመል ነው ብለው አይለፉት።

ለመሆኑ ለድመት የተመጣጠነ ምግብ ምንድን ነው? እኛ እናቶች ስለ ልጆቻችን ስንማር ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ምግብን በሦስት እንከፍላለን፤ እህሉን፣ ጥራጥሬውንና ቅጠላ ቅጠሉን እናዋሕዳለን። ይህ ለልጅ መልካም ነው። የድመት አካል ግን በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ድመት እንደ ብዙዎቹ እንስሳት በሰውነቷ ውስጥ በበቂ መጠን አታዘጋጀውም። የሚገኘውም በሥጋ፣ በልብና በዓሣ እንጂ በሽሮና በምስር አይደለም። ታውሪን ያጣች ድመት ቀስ በቀስ ዓይኗ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ታወቀ፤ ልቧም እየሰፋ እንደሚደክም እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች አሳዩ። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው። እኛ ከካሮትና ከጎመን እናገኘዋለን፤ ድመት ግን ተዘጋጅቶ ካለበት ከጉበትና ከመሳሰለው ካልሆነ ከአትክልት ልታወጣው አትችልም። የጣፋጭ ጣዕም እንኳ እንደማይሰማት እ.ኤ.አ. በ2005 ተደርሶበታል፤ ስለዚህ ወተቷ ላይ ስኳር የሚጨምር ሰው ስኳሩን ማባከኑ ነው። ወተቱም ቢሆን ያደገችውን ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያሲዛታል።

በሽሮና በወጥ ላይ ሌላም ነገር አለ። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ መቀቀሉም፣ ደርቆ መፈጨቱም ጉዳቱን አያስቀርም። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ በርበሬውና ሽሮውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። እንግዲህ ውሮ ሽሮውን ትታ ስትሄድ ከእኛ የተሻለ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሥጋ ከሆነ ሳንባ ብቻ ምን አጠፋ? ትሉኝ ይሆናል። ድመት በዱር አይጥ ስትበላ ሥጋውን ብቻ አትበላም፤ አጥንቱን፣ ጉበቱን፣ ልቡን አብራ ትበላለች። አይጥ ለድመት ሙሉ ማዕድ ነው። በሳንባም ሆነ በቀይ ሥጋ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሥጋ ብቻ ያደገች ግልገል አጥንቷ ይሳሳል፤ ከወንበር ስትዘል እግሯ ሊሰበር ይችላል። በጉበት ብቻ የምትኖር ደግሞ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና የአንገቷ አጥንቶች እየተጣበቁ አንገቷን ማዞር ይሳናታል። ጥሬ ዓሣ ቢያዘወትሯትም ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋባታል። አንድ ምግብ ብቻ፣ የቱንም ያህል ብትወደው፣ ለድመት አይበቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አልቀምስም ያለችን ድመት እንዴት እናልምዳት? ማስራብ እንደማይሆን አይተናል፤ ማስገደድም አይሆንም። መንገዱ ቀስ በቀስ መቀላቀል ነው። በሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ ስለተገኘ መጀመሪያ ውሮ የለመደችውን በልታ ነፍስ ዘራች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ሦስት እጅ ሳንባና አንድ እጅ የተቀቀለ የዶሮ ታፋ በደቃቁ ከትፌ አቀላቀልኩላት። በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት እኩል በእኩል አደረግሁት፤ ከዚያም ሳንባው አንድ እጅ ብቻ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ሳህኗ ውስጥ ሳንባ አልነበረም። በመካከሉ አንድ ቀን እምቢ ስትል፣ ወደ ኋላ ሁለት ቀን ተመልሼ እንደገና ጀመርኩ። ችኮላ ካለ ነገሩ አይሳካም።

የሚከተሉትንም ልብ ይበሉ። ድመት ምግብን የምትመርጠው ከምላሷ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ሽታ ስለሌለው ትተወዋለች፤ የገላዋን ሙቀት ያህል፣ ማለት 38 ዲግሪ ገደማ ለብ ሲል ግን ሽታው ይነሣና ትመጣለች። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት እናቴ ናቸው። «ከምድጃው ሲወርድ ትጠጋለች፣ ሲበርድ ትሸሻለች፤ አላየሽም?» አሉኝ፤ ሐኪሙም ትክክል ነው አሉ። ደግሞም ድመት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ የምትበላ ፍጥረት ናት። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ይበቃታል፤ ይህም ስምንት ያህል አይጥ ነው። አንድ ትልቅ ሳህን ሞልተው ከሚሄዱ ይልቅ ጠዋት፣ ከሥራ ሲመለሱና ከመኝታ በፊት ጥቂት ጥቂት ያቅርቡ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያልተበላውን እርጥብ ምግብ ያንሡት። ሳህኗ ልጆች ከሚሯሯጡበትና ከምትጸዳዳበት ቦታ ይራቅ። ልጆችንም ቆመው እንዳይመለከቷት ይንገሯቸው፤ የሚመለከታት ሲበዛ ትሸሻለች።

ምግቡን በቤት ለሚያዘጋጁ፦ ለአንድ ኪሎ አጥንት የሌለው የዶሮ ታፋና የከብት ልብ 50 ግራም ያህል ጉበት ይበቃል። የእንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ ቀቅለው፣ አድርቀው እንደ ዱቄት እስኪልም ይውቀጡና አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ። ጨው፣ ቅመምና ሽንኩርት አይግባበት። መረቁን አይድፉት፤ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን ከሥጋው ጋር ይስጧት። ውኃ እምብዛም ለማትጠጣ ድመትም መረቁ ይጠቅማታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ከቶ አይስጧት።

ይህም ቢሆን ለብቻው ምሉዕ አይደለም። ስለዚህ ከተቻለ ግማሹ ከሱቅ የሚገዛው የድመት ምግብ ይሁን። ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ለድመት የተሟላ ምግብ መሆኑን ያንብቡ፤ ማጣፈጫ ብቻ የሆነም አለና። የውሻ ምግብ አይተካውም፤ የድመትን ያህል ታውሪን የለውም። ዋጋው ከባድ ነው ለሚሉ ሒሳቡን እንሥራው፦ የ4 ኪሎ ድመት ደረቁን ምግብ ብቻ ብትበላ በቀን 55 ግራም ያህል ይበቃታል፤ አንድ ኪሎ 18 ቀን ይቆያል። ግማሹ የቤት ምግብ ከሆነ ከወር በላይ ይሄዳል። ግልገልና እርጉዝ ድመት ግን ያለ ሐኪም ምክር በቤት ምግብ ብቻ አይያዙ።

በእናቴ ዘንድ የቀረው ጥያቄ የአይጡና የጾሙ ነበር። ድመት ከጠገበች አታድንም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ማደን በረሀብ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከእሷ ጋር የተፈጠረ ጠባይ ነው። ውሮም በልታ ጠግባ ከጓዳው ጥግ አይጥ ይዛ ስትወጣ እናቴ በዓይናቸው አይተዋል። ስለ ጾሙ ግን የእናቴን ስሜት መጠበቅ ነበረብኝ። ሐሳብ ሳቀርብላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጾሙ የታዘዘው ለእኛ ነው፤ እሷን ማን አዘዛት?» አሉ። ቀጥለውም የራሷ ድስት፣ የራሷ ቢላዋና የራሷ ማንኪያ እንዲለይላት፣ ሥጋውም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተቀቅሎ በየቀኑ ልክ ተከፋፍሎ በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ አዘዙ። በሰሙነ ሕማማት ደረቁን ምግብ ብቻ አቀረብንላት። እስከዚያ ድረስ ስለለመደችው አልተቸገረችም። አንድ ምግብ ብቻ የምታውቅ ድመት ያ ምግብ የጠፋ ዕለት ትቸገራለች፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት የለመደችው ግን ቤቱ ሲለወጥም፣ ገበያው ሲጠፋም ትተርፋለች።

በመጨረሻ ለነፍሰ ጡር እናቶች አንድ ቃል። ጥሬ ሥጋ የምትበላና አይጥ የምታድን ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተውሳክ ልትይዝ ትችላለች፤ በፅንስ ላይም ጉዳት ያመጣል። ተውሳኩ ከዓይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጸዳጃዋ በየቀኑ ይጽዳ፤ እርስዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው። የድመቷን ሥጋ ይቀቅሉ፤ የራስዎንም እንዲሁ። በሽታው ከድመት ይልቅ ብዙ ጊዜ ካልበሰለ ሥጋ ይመጣልና።

ልጄ አሁን በየእሑዱ ውሮን ታቅፋ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ብቻዋን ትመዘንና ልዩነቱን በደብተሯ ትጽፋለች። ባለፈው እሑድ የጻፈችው 3 ኪሎ ከ800 ግራም ነው። እርስዎም ይህን መዝገብ ዛሬ ይጀምሩ፤ ድመት ስትከሳ ጠጉሯ ስለሚሸፍነው ዓይን ዘግይቶ ነው የሚያየው።