የከሰል ራስ ምታት

በልጅነቴ «ጋዝ» ሲባል የማውቀው በጠርሙስ የሚገዛውን፣ ኩራዝና ፋኖስ የሚጠጡትን ነጭ ጋዝ ብቻ ነበር። ደሴ ያለው ቤታችን የሚሞቀው በከሰል ነው። ጋዝ በቧንቧ ከመሬት ሥር መጥቶ ቤት ሲያሞቅ ያየሁት እዚህ ሚኒሶታ ከገባሁ በኋላ ነው። ቤት እስክገዛ ድረስም ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ተከራይ የግድግዳውን መቆጣጠሪያ ነካ አድርጎ ይተኛል፤ ባለቤት ግን ምድር ቤት ወርዶ ማየት አለበት።

የገዛሁት ቤት አሮጌ ነው፤ ምድር ቤቱ ያለው ማሞቂያ፣ እዚህ «ፈርነስ» የሚሉት፣ በዕድሜ ከቤቱ ብዙም አያንስም ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ጨርሶ ሞተ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የጠየቀኝ ዋጋ እናቴን ለማስመጣት ያጠራቀምኩትን የሚበላ ሆነብኝ። አንድ የቅርብ ወዳጄ፣ እጁ የማይነካው ሥራ የሌለ ሰው፣ «እኔ እያለሁ ገንዘብ ትበትናለህ? በግማሽ ዋጋ እተክልልሃለሁ» አለኝ። «የከተማው ፈቃድስ?» ብለው «ምድር ቤትህ ገብቶ ማን ያያል?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ወዳጄ ሰነፍ አልነበረም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ደከመ። የጋዙን ቧንቧ ከገጠመ በኋላ በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አሳየኝ፤ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋ ይነፋል። አልነፋም። የፈርነሱን ነበልባልም አሳየኝ፤ ሰማያዊ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ እንደማይሸትም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ ጋዝ ሳይታወቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ፈጀ። ክፉ ሽታ መጨመር በዚያ አገር በሕግ ግዴታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። «ቢያፈስ አፍንጫህ ይነግርሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለታችንም ያላሰብነው፣ አፍንጫ የሚነግረን ስላልተቃጠለው ጋዝ ብቻ መሆኑን ነው። ተቃጥሎ ስለሚወጣው አፍንጫ ዋስ አይሆንም።

እናቴ በዲሴምበር መጣች። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፈ፤ ፈርነሱም ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ይነፍስ ጀመር። በሁለተኛው ሌሊት ራሴን ሲፈልጠኝ ነቃሁ። ጉንፋን መስሎኝ ውሃ ልጠጣ ስነሣ፣ እናቴ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ሳሎን ቁጭ ብላለች።

«አንተ ልጅ፣ ከሰሉ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ከሰል የለም። ተኚ።»

«ይሄ የከሰል ራስ ምታት ነው። ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይቆርጣል። ወንድሜን የቀበርኩት በዚህ ነው።»

አጎቴን አላውቀውም። እኔ ሳልወለድ፣ በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ፍም የሞላ ምድጃ ወደ ክፍሉ አስገብቶ በሩን ዘግቶ እንደተኛ ቀረ። እናቴ እሱን ባነሣች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ጭስ እኮ አልነበረም!» ከሰሉ ውጭ ተያይዞ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነበር የገባው፤ ስለዚህ ማንም አልፈራም።

ብድግ ብላ የውጭውን በር በረገደችው። ያ ብርድ ሲገባ ጮህኩባት። «ይቀዝቅዝ!» አለችና እጄን ጎትታ አወጣችኝ። መንገድ ዳር የቆመው መኪናዬ ውስጥ ሆነን ለእሳት አደጋ ደወልኩ።

በመሣሪያቸው ሲለኩ፣ የምድር ቤቱ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 140ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ተገኘ። መልክም ሽታም የለውም። ከደማችን ጋር ኦክስጅን ከሚያያዘው ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃልና ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ኤሚል ዞላን የሚያህል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሞተው በዚሁ ነው። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ «ማስጠንቀቂያ ደወል የላችሁም?» ሲል ጠየቀኝ። ነበረን። ባትሪው ደክሞ ሲጮህብኝ ነቅዬ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ይህን ያደረገው ወዳጄ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ጋዙ ተዘጋ። በማግሥቱ የመጣው ባለሙያ ጥፋቱን ሲያሳየኝ ተገረምኩ። አዲሱ ፈርነስ ራሱ ደህና ይነዳል። ጥፋቱ የተፈጠረው ከጎኑ በቆመው አሮጌ የውሃ ማሞቂያ ላይ ነው። ወዳጄ የቤቱን አየር ወደ ፈርነሱ የሚመልሰውን የቆርቆሮ መተላለፊያ ሲገጥም አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ነፋሻው በዚያ ክፍተት የጠባቧን ክፍል አየር ይመጣል፤ የጎደለው አየር በጭስ ማውጫው በኩል ይተካል፤ ስለዚህ የውሃ ማሞቂያው ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እሳቱ የገዛ ጭሱን እየተነፈሰ በቅጡ ሳይነድ ይቀራል፤ መርዙን ደግሞ ነፋሻው በየመኝታ ቤቱ ያድላል። ይህ በሳሙና ውሃ አይታይም። የከተማው ተቆጣጣሪ ግን መጥቶ ቢሆን ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነበር። ፈቃድ ማለት ወረቀት መግዛት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለተኛ ዓይን መግዛት ነው።

ወዳጄ ነገሩን ከሰማ በኋላ ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሣም። እኔም አኩርፌ ነበር። «ርካሽ የፈለግኸው አንተ፤ እሱን ምን አድርግ ትለዋለህ?» ብላ ደውላ ቡና የጠራችው እናቴ ናት። መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ልገድልዎት ነበር» አላት።

«አልሞትንም ልጄ፤ ቡናህን ጠጣ።»

ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ሁለታችንንም አስከትላ ምድር ቤት ወረደች። ወዳጄ የተደፈነችውን ክፍተት በጣቱ ዳሰሳት፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

እናቴ ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። ደሴ፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤቶቿ «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ምን ያደርጋል?» ሲሏት መስኮቱን ትከፍትና «የወንድሜም ፍም ነበር» ትላቸዋለች። እኔም አሁን በየፎቁ አንድ አንድ ሰቅያለሁ። ስልክ ስንደዋወል ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ ሥራዬ አይደለም።

«ያቺ ጯሂ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እማዬ።»

«እስቲ አሰማኝ።»

ወንበር ላይ ወጥቼ የመሞከሪያውን ቁልፍ እጫናለሁ። ጩኸቱን ሰምታ ስታበቃ ነው ደህና እደር የምትለኝ።