ከመተዋችሁ በፊት ክሩን ለኩት

ኤሌክትሪክ ጊታር ጀምራችሁ ጣታችሁ ስለቆሰለ ብቻ "ይህ ጸጋ የእኔ አይደለም" ያላችሁ ወጣቶች፣ እስቲ አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

ከቡድናችን አንዲት እህት ጊታሩን ልትመልስ አምጥታው ነበር። በ17ኛው ፍሬት ላይ ስለካው ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ርቋል። ፌንደር ለብዙ ጊታሮቹ የሚመክረው ግን 1.6 ገደማ ነው። አብረን ቁጭ ብለን አስተካከልነው፤ እምቢ ያላት ኤፍ ኮርድ በዚያው ቀን ጠራላት።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቃኙት። ቀጥሎ አንገቱን እዩ፤ በክሩ ጉተት በጣም ጎብጦ ከሆነ በውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳታሳልፉ አጥብቁ። ከዚያ ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ ክሩን ዝቅ አድርጉ፤ በየመሃሉም መልሳችሁ ቃኙ። ክሩ ፍሬቱን እየነካ "ዝዝዝ" ካለ ከልክ አልፏልና ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ጣት በልምምድ መደንደኑ አይቀርም። ያለ ጥቅም የሚያቆስል ከፍታ ግን ትዕግሥትን አያስተምርም፤ ሰውን ያስተዋል እንጂ። ስለዚህ በመካከላችሁ ጊታሯን ዝም ብላ ያስቀመጠች ካለች፣ "በርቺ" ከማለታችሁ በፊት ክሩን እዩላት።