ጥርሱ ረዘመ፣ ጥያቄው አጠረ

ታናሽ ሆኖ መወለድ ዕዳ አለው፤ «እንደ ታላቅህ ሁን» እየተባሉ ማደግ ነው። ተከታይ ፊልምም ከዚህ ዕዳ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ጁራሲክ ፓርክ ሦስት» ሁለት ታላላቆች አሉት። አንደኛው በ1993፣ ሁለተኛው «ዘ ሎስት ወርልድ» በ1997 የወጡ ሲሆኑ ሁለቱንም ያዘጋጀው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ሦስተኛው ግን ለጆ ጆንስተን ተሰጠ። ታዲያ ታናሹ የታላላቆቹን ጠባይ ወረሰ ወይስ ስማቸውን ብቻ?

የመጀመሪያው ፊልም ምሥጢር አውሬዎቹ ሳይሆኑ አውሬዎቹን ማዘግየቱ ነው። 127 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ውስጥ ዳይኖሰር የሚታይበት ጊዜ ቢደማመር ወደ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመ ጥሩ ታይራኖሰረስ ብቅ የሚለው ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ከመምጣቱ በፊት የምናየው በዝናብ መሐል በቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ የኩባያ ውሃ ነው። እኔ ይህን ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቻችን ጫጫታ ብቻ ነበር። ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ ግን ቆሎ ይቆረጥም የነበረው ሁሉ አፉን ገጠመ። አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ፊልም ትዕግሥቱን ቀነሰ፤ አውሬውን እስከ ሳንዲያጎ ድረስ አምጥቶ በከተማ ጎዳና አስሮጠው። ቢሆንም ከገደል አፋፍ ላይ፣ ቀስ በቀስ በሚሰነጠቅ መስተዋት ላይ የተኛችውን ሴት ያየ ሰው፣ ስፒልበርግ ማዘግየትን ጨርሶ እንዳልረሳ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ችኩል ነው። 92 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። አውሮፕላኑ ደሴቲቱ ላይ ካረፈ በኋላ እስክንፈራ እንኳ ጊዜ ሳይሰጠን ስፓይኖሰረስ የሚባል አዲስ አውሬ ይደርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ የምናውቀውን ታይራኖሰረስ አንገት ሰብሮ ይጥላል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የእኔው ከበፊቱ ይበልጣል ነው። የሚገርመው፣ የዚህ እንስሳ እውነተኛ ታሪክ ከፊልሙ ይልቅ ልብ ይነካል። ግብፅ ውስጥ የተገኘውን አጥንቱን እ.ኤ.አ. በ1915 ለዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤርንስት ሽትሮመር ነው። አጥንቱ በ1944 ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ ወደመ። በኋላ ሞሮኮ ውስጥ የተገኙት ቅሪቶች ደግሞ ዓሣ እያደነ የሚኖር የውሃ ዳር እንስሳ እንደነበረ ያመለክታሉ። ፊልሙ ግን ከዚህ ሁሉ የፈለገው ጥርሱን ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ ትዕይንት አለው። በአጥር ወዲያና ወዲህ የቆሙት አባትና ልጅ በስልክ ጥሪ ድምፅ ይገናኛሉ። ደስታቸው ሳያልቅ ስልኩ ከማንኛቸውም ጋር እንደሌለ ያስተውላሉ። ስልኩን የያዘውን ሰው አውሬው በልቶታል። ጥሪው የሚመጣው ከአውሬው ሆድ ነው። ይህች ቅጽበት የኩባያው ውሃ እህት ናት፤ አውሬውን ከማየታችን በፊት በጆሯችን ታስፈራናለች።

እኔን ይበልጥ የቆረቆረኝ ግን ስለ አውሬ ሳይሆን ስለ ቼክ የሚያወራው ክፍል ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው አላን ግራንት በመጀመሪያው ፊልም ወደ ደሴቲቱ የሄደው አንድ ባለጸጋ የቁፋሮውን የሦስት ዓመት ወጪ እችላለሁ ስላለው ነው። ከዚያ ሁሉ መከራ ተርፎ እንዲህ ዓይነት ደሴት አልረግጥም ያለ ሰው፣ በሦስተኛው ፊልም ሌላ ቼክ ሲዘረጋለት ይሄዳል። ቼኩን የዘረጉት የተፋቱ ባልና ሚስት ደግሞ ሀብታም አይደሉም። ሰውየው ቀለምና የወለል ንጣፍ ሸጦ አዳሪ ነው፤ የሚፈልጉት የጠፋ ልጃቸውን ነው። የግራንት ረዳትም የቁፋሮውን ገንዘብ ለማግኘት ብሎ የአውሬ እንቁላል ይሰርቃል።

ደመወዝ የሌለኝ፣ በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ «አልሄድም» ያለ አፍ እንዴት ዞሮ «ስንት ትከፍላላችሁ?» እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ፊልሙ እዚህ ላይ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር። ዕውቀት ያለው ገንዘብ ከሌለው፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ዕውቀት ከሌለው፣ ሲገናኙ የሚያዘው ማን ነው? የመጀመሪያው ፊልም ይህንን በምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎቹን አስቀምጦ አከራክሯል። ሦስተኛው ግን ግራንት ረዳቱን በእንቁላሉ ሲቆጣ አሳይቶን ወደ ሩጫው ይመለሳል። ጣቱን ወደ ልጁ ሲቀስር «አንተስ እዚህ ያመጣህ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተከታዮች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ጁራሲክ ወርልድ» ውስጥ የፓርኩ ኃላፊዎች ጎብኚ ተራ ዳይኖሰር ሰለቸው ብለው በቤተ ሙከራ የባሰ አውሬ ይፈጥራሉ። የጎብኚው ነገር የእኛም የተመልካቾቹ ነገር መሰለኝ። አውሬ በአውሬ የተተካልን አልጠግብ ስላልን ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ጁራሲክ ፓርክ ሦስት» አያሰለችም፤ አንድ ምሽት ያዝናናል። ታላላቆቹን ግን አልደረሰባቸውም። ያነሰውም ሰላሳ አምስት ደቂቃ ስላጠረ አይደለም። ግሩም ጥያቄ በእጁ ይዞ፣ መልሱን እንድንጠብቅ ስላላመነን ነው።