ከጉና እስከ ጣና፦ የፎገራ ጎርፍ ጉዞ

የፎገራ ሜዳን ጎርፍ ማወቅ የፈለገ ሰው ጉዞውን ከሜዳው ሳይሆን ከጉና ተራራ ይጀምር። የርብ እና የጉማራ ወንዞች መነሻ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ነው። መድረሻቸው የጣና ሐይቅ ደግሞ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የተንደረደረ ውሃ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ተሸክሞት የመጣውን አፈርም እዚያው ያራግፋል።

በጉና ወገብ ላይ ሲወርዱ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እርከን በተሠራበት፣ ከብት እንዳይገባበት በተከለለና ሣሩ በተመለሰ ተዳፋት ውሃው ዝግ ብሎ ይወርዳል። ገብስና ድንች ፍለጋ ሞፈር ገደል አፋፍ ድረስ በወጣበት ግን የሐምሌ ዝናብ ማሳውን ቦረቦር ያደርገዋል። የላይኛው ገበሬ ያጣው አፈር ለታችኛው ገበሬ ደለል ሆኖ ይደርሰዋል።

በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል፣ ርብ ድልድይ ላይ ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ። የወንዙ ወለል በየዓመቱ በሚጨመር አሸዋና ደለል ከፍ እያለ መጥቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አደጋው የሚከማቸው ማንም ልብ ሳይለው ነው። ገበሬው በአፈርና አሸዋ በተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ዳርቻውን ይክባል፤ ወንዙም ወለሉን ያሳድጋል። ካቡ አንድ ሌሊት ሲደረመስ ውሃው ከማሳው በላይ ከሆነ ቦታ ስለሚወርድ ወደ ወንዙ መመለሻ የለውም። አንዱ መንደር ካቡን ባጠናከረ ቁጥር ደግሞ ጎርፉ ማዶ ወዳለው ጎረቤት ይዞራል።

ሜዳው ራሱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ አንዴ ከራሰ ውሃ አያሰርግም። ወንዞቹ በነሐሴ ይሞላሉ፤ ጣናም እያበጠ በመስከረም አካባቢ ጫፍ ይደርሳል። ከላይ የመጣው ጎርፍ ከታች መውጫ የሚያጣው ለዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋና ደቡብ ኦሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በጎርፍ በቀበሩበት ወቅት፣ እዚህም በሺዎች የሚቆጠሩ የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች ነዋሪዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ወባ ተከትሎ ይመጣል።

ያም ሆኖ ሜዳው ከውሃ ጋር መኖርን ያውቃል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው እንጀራ ሆኗል። ገበሬው የጣና ውሃ ሲሸሽ በሚለቀው የባሕር ሸሽ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሩዝ ግን የሚወደው የቆመ ውሃ ነው፤ ደለል የጫነ ጎርፍ ቡቃያውን ይቀብረዋል።

ወደ ጣና ሲቃረቡ ሸሸርና ወላላ የተባሉትን ረግረጎች ያገኛሉ። የርብ ትርፍ ውሃ ድሮ የሚተኛው እዚህ ነበር፤ አሁንም ወፎች ይሰፍሩባቸዋል። የወንዙ ዳርቻ ሲካብና ውሃቸው በፓምፕ ለመስኖ ሲሳብ ግን ረግረጎቹ እየጠበቡ ሄደዋል። ውሃ ማደሪያው ሲወሰድበት ሰው ቤት ይገባል።

ከላይ የተሠራው የርብ ግድብ ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን የጉማራን ውሃም ሆነ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ገባሮች አይዝም። በዚህ ላይ አየሩ እየሞቀ ነው፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዶፉ ሲመጣ በአንዴ የሚያወርደው ይበዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። በበጋ የጉና እርከን፣ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ደለል ጠረጋና የካብ ጥገና፣ ከሰኔ ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ይከተላሉ። ወንዝ ዳር የተተከለው መለኪያ የሚያሳየው ከፍታ መዝገብ ላይ ብቻ ቢቀር ለማንም አይጠቅምም፤ ያ ቁጥር በዚያው ሌሊት በስልክና በቀበሌ ጥሪ ወደ ታችኛው መንደር መድረስ አለበት። እናት ልጆቿን፣ ገበሬው ከብቱንና እህሉን ከፍ ወዳለ ቦታ የሚያወጡበት ጥቂት ሰዓት ሕይወት ነው። ሸሸርና ወላላም እንደ ባዶ መሬት መታየታቸው ያብቃ፤ እነሱን ለውሃው መተው የመንደሩን ቤት ማዳን ነው። ካብ መካብ የአንድ ቀበሌ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፍን መግራት ግን የጉናና የጣና ሰው አብረው የሚመክሩበት ጉዳይ ነው።