የእሑዷ ጀልባ

ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣ የጣናን ደሴት ደቅን ረግጬው አላውቅም። የአያቴ እትብት የተቀበረው እዚያ ነው።

ያኔ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ጠዋት፣ ከባሕር ዳር ተነሥታ ጎርጎራ የምትዘልቅ ጀልባ ነበረች። ዘጌ ትቆማለች፣ ደቅ ትቆማለች፣ ቁንዝላ ታድራለች፣ ሰኞ በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ትገባለች። ሰውና ጆንያ፣ ዶሮና የቢራ ሣጥን አንድ ላይ ነው የሚጫነው። መነሻዋ አንድ ሰዓት ነው ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ጭነቱ አላለቀም፣ ነፋሱ አልበረደም እየተባለ ሦስትም አራትም ሰዓት ይሆናል።

አያቴ ከደቅ ተድራ የወጣች ናት። «ለጥር ሥላሴ ናርጋ አድርሰኝ፤ ስለት አለብኝ» አለችኝ። ደቅ ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ እቴጌዪቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የነገሥታቱ አፅም ያረፈባት ዳጋ እስጢፋኖስ እዚያው ጎን ናት፣ ግን ሴት አትረግጣትም። ናርጋ ግን ሴቶችም ይገባሉ። «ሥላሴ ሴት አይከለክሉም» ትል ነበር አያቴ፣ የራሷ ቤት ይመስል ኮራ ብላ።

ጥር 7 ሊደርስ ሲል ባለችው እሑድ ወደብ ወረድን። ነጭ ጋቢዋን ለብሳ፣ የስለቱን ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። «ተይው በቃ፣ ሌላ ጊዜ በሞተር ጀልባ እወስድሻለሁ» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አልቸኮልኩም» አለችኝ።

እጇን ይዤ በባጃጅ መለስኳት። ጀልባዋ እኛ ቤት ሳንደርስ ተነሥታ ኖሯል።

ያ «ሌላ ጊዜ» አልመጣም። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም አረፈች። ጃንጥላውን ጎረቤት አሻገረላት።

ከዓመታት በኋላ ሰው አገር ሄጄ፣ በሚያልፍበት ምድር ውበትም በመዘግየቱም እኩል የሚወራለት ባቡር ልሳፈር ወጣሁ። ጣቢያው ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አልተነጫነጭኩም። እንዲያውም ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ከማላውቀው ሰው ጋር ሻይ እየጠጣሁ ስሥቅ ዋልኩ፤ «የዚህ ጉዞ ለዛው መዘግየቱ ነው» እያልኩ። ሌሊት ሜዳ መሐል ቀጥ ብሎ ሲያድር በመስኮት ጨረቃዋን ፎቶ አነሣሁ። ሲነጋ በስተግራ ውኃ ታየ። ሐይቅ ይሁን ወንዝ አልለየሁትም፤ ዳር ዳሩን ግን የጣናን ደንገል የሚመስል ሣር ነበረበት።

ያን ጊዜ ነው አንጀቴ እርር ያለው። ለማላውቀው አገር ባቡር አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ የታገሥኩ ሰው፣ ለአያቴ ሩብ ሰዓት ጨምሬ መቆም አቃተኝ። ያውም የባቡሩን ትኬት በዶላር ከፍዬ! የወደቧ ጀልባ ዘገየች ብዬ ስንት ሰው ፊት እንዳማረርኳት ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ያን እሑድ ያስቸኮለኝ ጉዳይ ምን እንደነበር ብዙ ጊዜ ላስታውሰው ሞክሬያለሁ። አልመጣልኝም።